ኤዳቱ፣ ቪዲዮውና ኮምፒውተሩ እኩል ተነስተው ለምን ይለያያሉ?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ባሕር ዳር አነስተኛ ስቱዲዮ አለኝ። ጣና ዳር የተደረገ የባህል ሙዚቃ ዝግጅት በአሮጌ ካሴቶች ተቀድቶ እጄ ገብቷል። ድምፁ ያለው በኤዳት፣ ማለትም በካሴት ላይ ስምንት ትራክ በሚቀዳ ዲጂታል መቅጃ፣ ነው፤ ማሽኑም መጀመሪያ የወጣው ጥቁሩ ሞዴል ነው። መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና ዘፋኞቹ ሰባት ትራክ ይዘዋል። ስምንተኛው ባዶ ስለነበር ታይም ኮድ፣ ማለትም ሰዓት የሚናገር ምልክት፣ ቀዳሁበት። ታይም ኮዱን በሚዲ ኢንተርፌስ ወደ ሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌሩ ወደ ኩቤዝ አስገብቼ ኪቦርድ ጨመርኩ። ኪቦርዱ በሚዲ፣ ማለትም በተቀዳ ድምፅ ሳይሆን በኖታ ትእዛዝ፣ ሲጫወት ከቴፑ ጋር ልክ ነው። በኋላ ግን ቴፑን አጥፍቼ ኪቦርዱን ለብቻው ወደ ኦዲዮ ቀዳሁት። ያ ኦዲዮ ከቴፑ ጋር ሲጫወት መጀመሪያ ልክ ይሆንና ወደ መጨረሻው ይንሸራተታል። ምስሉ በቪኤችኤስ ካሴት ነው፤ በእጄ አስነሳዋለሁ። እሱም 40 ደቂቃ ላይ ከድምፁ አምስት ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያህል ይለያል። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን? ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ማሽንህ አልተበላሸም። ሚዲው ልክ ሆኖ ኦዲዮው ይንሸራተታል ማለትህ ራሱ ችግሩን ይናገራል።

ሲንክ (ማሽኖችን አጣጥሞ ማስኬድ) የምንለው ነገር ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛው «አሁን የት ደርሰናል?» ነው። ሁለተኛው «በምን ፍጥነት እየሄድን ነው?» ነው። ታይም ኮድ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን የሚመልሰው ዲጂታል ክሎኩ፣ ማለትም የማሽኑን ፍጥነት የሚወስነው የውስጥ ምት፣ ነው። ሁለት ታንኳዎች ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ እኩል ቢነሱ፣ ቀዛፊዎቹ እኩል ካልቀዘፉ እኩል አይደርሱም። አንተ እኩል አስነስተሃቸዋል። ፍጥነታቸውን ግን አላገናኘህም።

ኩቤዝ ታይም ኮድ ሲመጣለት ሚዲውን እያየ፣ እያስተካከለ ይሄዳል። በፓል ሥርዓት፣ ማለትም በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሚዲ ታይም ኮድ በሰከንድ 100 አጫጭር መልእክት ይልካል። ሰዓቱን ሙሉ ለሙሉ ለመንገር ስምንት መልእክት ያስፈልጋል፤ ይህ የሁለት ፍሬም ጊዜ ነው። ለኪቦርድ ኖታ ይበቃል። ለኦዲዮ ግን አይበቃም፤ በሁለት መልእክት መካከል 480 ሳምፕል (የዲጂታል ድምፅ ነጠላ ልኬት) ያልፋል። ስለዚህ ኩቤዝ ኦዲዮውን ከየት እንደሚጀምር ብቻ ከታይም ኮዱ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚያጫውተው ክሎኩን በሚመታው በሳውንድ ካርዱ ክሪስታል ፍጥነት ነው። ኤዳቱም የራሱ ክሪስታል አለው። ሁለቱም 48 ኪሎኸርዝ ብለው ቢያሳዩም በትክክል እኩል አይደሉም። በሚሊዮን 50 ያህል ልዩነት ብቻ ቢኖር፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ 120 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ይህ ሦስት ፍሬም ነው። የአንተ የቪዲዮ አምስት ፍሬም ከ60,000 ፍሬም ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ተለያይተው በሚሄዱ ጤነኛ ማሽኖች መካከል የሚታይ ነው።

ልዩነቱን ሁልጊዜ ለካው፤ መጠኑ ምክንያቱን ይነግርሃል። በአንድ ካሴት ጥቂት ፍሬም ከሆነ ክሎኮቹ አልተገናኙም ማለት ነው። በ10 ደቂቃ 0.6 ሰከንድ፣ በሰዓት 3.6 ሰከንድ ከሆነ አንዱ ቦታ 30፣ ሌላው ቦታ 29.97 ፍሬም ተቀላቅሏል። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ላይ ይህን ቀድመህ ፈትሽ። እኛ ጋ ሁሉም ቦታ 25 መሆን አለበት፤ ኩቤዝ ውስጥም፣ ኢንተርፌሱም ላይ።

ሌላው የፒች ቁልፍ ነው። በጥቁሩ ኤዳት ላይ አንድ ሴንት (የሴሚቶን አንድ መቶኛ) ብቻ ከዜሮ ቢነቃነቅ በ10 ደቂቃ 0.35 ሰከንድ ገደማ ይለያል። ደግሞም ይህ ሞዴል በራሱ የሚሠራው በ48 ነው። በ44.1 መቅዳት የፈለገ ሰው ፒቹን ወደ 147 ሴንት ዝቅ ማድረግ ነበረበት። ስለዚህ ካሴቱ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ካለ አንብበው። ክራሩ ከቅኝቱ አንድ ተኩል ሴሚቶን ያህል ከፍ ብሎ፣ ዘፋኞቹም የቸኮሉ መስለው ከተሰሙህ፣ በ44.1 የተቀዳውን በ48 እያጫወትክ ነው። ይህን ከሌላው ሁሉ በፊት አስተካክል።

አሁን ወደ መፍትሔው። ቴፑን ለዘለዓለም ከኮምፒውተር ጋር እያሳደድክ እንድትኖር አልመክርህም። ኤዳት ታይም ኮድ ሲያሳድድ ቴፑን ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሳል፤ ቴፑን የሚያነበው ሄድም ካሴቱም ያልቃሉ። ማሽኑ ገበያ ላይ የዋለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ነው። መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም። በእጅህ ያለው ቅጂ ምናልባት ሌላ የለውም። እና የእኔ ሐሳብ አንድ ጊዜ፣ በትክክል፣ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር አስገብተህ ካሴቱን እንድታሳርፈው ነው።

የኤዳት ኦፕቲካል መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ ፈልግ። ኬብሉ የቴሌቪዥን ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የሚሸጡት ኦፕቲካል ኬብል ነው፤ ይሠራል። መግቢያው ላይ ግን ተጠንቀቅ። ብዙ ካርዶች ላይ ያለው ኦፕቲካል ቀዳዳ ኤስፒዲአይኤፍ የተባለውን ሌላ ዓይነት ዲጂታል መስመር ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ቅርፁ አንድ ነው፣ የሚያልፍበት መረጃ ግን ሌላ። የኤዳቱ መስመር ስምንት ቻናል ባንድ ጊዜ ይይዛል። ከድምፁ ጋር ክሎኩም አብሮ ይመጣል። የካርዱን የክሎክ ምንጭ ከ«ኢንተርናል» ወደ «ኤዳት» ወይም «ኦፕቲካል» ቀይረው። ፕሮጀክቱን 48 ላይ ክፈት። ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ከቴፑ ይቀበላል፤ የጎደለህ ይህ ነበር።

ኤዳቱ ላይ «ዲጂታል ኢን» የሚለውን ቁልፍ አትንካ። እሱ ከበራ ኤዳቱ ክሎኩን ከኦፕቲካል መግቢያው ይወስዳል። ኮምፒውተሩ ኤዳቱን፣ ኤዳቱም መልሶ ኮምፒውተሩን ሲከተሉ መሪ የሌለው ዙር ይፈጠራል፤ ድምፁ መንጣጣት ይጀምራል። የክሎክ መሪ ምንጊዜም አንድ ብቻ ነው።

ያ የተንሸራተተው የኪቦርድ ኦዲዮ አያስፈልግህም፣ አስወግደው። ሚዲው ግን ወርቅ ነው። ቴፑን ስታስገባ ስምንቱን ትራክ በኦፕቲካል፣ ኪቦርዱን ደግሞ በካርዱ አናሎግ መግቢያ አብረህ ቅዳ። የትራክ 8 አናሎግ መውጫ እንደ በፊቱ ወደ ሚዲ ኢንተርፌስ ይሂድ። እንዲህ ሲሆን ሚዲው ታይም ኮዱን ይከተላል፣ ካርዱ ክሎኩን ይከተላል፣ ኪቦርዱም በቴፑ ሳምፕል ልክ ይቀዳል። ሁሉም ባንድ ጉዞ ይግባ። የታይም ኮዱ ገመድ ቀጥታ ይሁን፤ በኢኩዋላይዘርም በኮምፕሬሰርም አይለፍ።

ለሚቀጥለው ካሴት አንድ ነገር ልጨምር። ታይም ኮድ የምትቀዳው ካርዱ ኤዳቱን እየተከተለ ሳለ፣ ከኮምፒውተሩ የሚጫወት የታይም ኮድ ፋይል በአናሎግ በማስገባት ይሁን። ያኔ እያንዳንዱ ፍሬም ልክ 1,920 ሳምፕል ይሆናል። ኢንተርፌሱ በራሱ ክሪስታል ያመነጨውን ከቀዳህ ታይም ኮዱ ራሱ ከቴፑ ጋር ይለያያል። መነሻውንም ከዜሮ አታድርገው። ማሽኖቹ ከመነሻው በፊት አሥር ሰከንድ ያህል መንደርደሪያ ይፈልጋሉ። ከዜሮ ወደኋላ ሲሄዱ ሰዓቱ 23:59 ላይ ይገባና ግራ ይጋባሉ። ከ01:00:00:00 ብትጀምር ሰላም ነው።

ከማጫወትህ በፊት ግን ስለ ካሴቱ። ክረምት ላይ ጣና ዳር ያለው እርጥበት ለቴፕ አይስማማም። ከቀዝቃዛ ቦታ ያመጣኸውን ካሴት ወዲያው አታስገባ፤ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪለማመድ ተወው። ማሽኑን ከዩፒኤስ ጋር አገናኝ። ቴፑ ሄዱ ላይ ተጠምጥሞ ሳለ መብራት ቢጠፋ የሚጎዳው እሱ ነው። የመጀመሪያው ንባብ የመጨረሻውም ሊሆን ስለሚችል ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ እየቀዳህ አጫውት።

ቪዲዮው ላይ እንምጣ። የቤት ቪኤችኤስ ማጫወቻ ክሎክ አይቀበልም፤ ማንንም እንዲከተል ማድረግ አትችልም። በካፕቸር ካርድ ከነራሱ ድምፅ ወደ ኮምፒውተር አስገባው። ከዚያ የካሜራውን ድምፅ እንደ መሪ ተጠቀምበት። መጀመሪያ ላይ አንድ ጥርት ያለ የከበሮ ምት፣ መጨረሻ ላይ ሌላ ምት ፈልግና ከኤዳቱ ጋር አስተያይ። የሚቀረውን አምስት ፍሬም ከምስሉ ላይ አስተካክል እንጂ ድምፁን አትሳብ። መሰንቆ በሶፍትዌር ሲለጠጥ የቀስቱ ሻካራ ድምፅ ይበላሻል፤ ለዚያ ድምፅ ስንል ነው ይህን ሁሉ የምንደክመው። በዘፈኖች መካከል ጭብጨባ ላይ ምስሉን ቆርጠህ አንድ አንድ ፍሬም አንቀሳቅስ። ማንም አያየውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ፍሬም በሚያህል ጊዜ፣ በ40 ሚሊሰከንድ፣ 14 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። የኤዳቱ ማይክ ከበሮው ሥር ነበር። ካሜራው ከተመልካቹ ኋላ 28 ሜትር ርቆ ከነበረ የራሱ ድምፅ ሁለት ፍሬም ዘግይቷል። ኤዳቱን ከዚያ ድምፅ ጋር ካጣበቅኸው ከምስሉ ሁለት ፍሬም ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ በመጨረሻ እጅን እይ። መዳፉ ከበሮውን የነካበትን ፍሬም አግኝና ምቱን እዚያ አስቀምጥ። በትልቅ ፍላት ቴሌቪዥን እያየህም አትወስን፤ ብዙዎቹ ምስሉን ያዘገያሉ። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ፍሬም በፍሬም ሂድ።

ቴምፖን በተመለከተ፣ ሚዲ ክሎክ አትጠቀም። እሱ በየሩብ ኖታው 24 ጊዜ የሚመታ የቴምፖ ምልክት ነው፤ ስለ ምስሉ ሰዓት የሚያውቀው የለም። የአዝማሪ ጨዋታ ደግሞ በሜትሮኖም አይሄድም፤ ግጥሙ ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ሰውየውን ወደ ኩቤዝ መስመር አትጎትተው። ከበሮውን እያዳመጥክ በእጅህ ምቱን መታ መታ አድርገህ የቴምፖ ካርታውን ከእሱ አውጣ፤ አዲስ የምትጨምረው ኪቦርድ በዚያ ይሂድ።

በቴፑ ላይ መቀጠል የግድ ከሆነብህ፣ ለምሳሌ ገና የሚቀዳ ትራክ ካለህ፣ የሚያስፈልግህ የኤዳቱን ባለ 9 ፒን ሲንክ ኬብል የሚቀበል መሣሪያ ነው። የኤዳቱ ሠሪ የአሌሲስ ቢአርሲ ሪሞት አለ፤ ሞቱ (MOTU) የተባለው ኩባንያ የሠራው ዲጂታል ታይምፒስም ይህን ይሠራል። ኤዳት ካሴቱ ፎርማት ሲደረግ የራሱን ሰዓት በቴፑ ላይ ስለሚጽፍ፣ በዚህ መንገድ ትራክ 8ን ለታይም ኮድ መስዋዕት ማድረግ አያስፈልግም። ኦፕቲካል ካርድ ግን በዋጋም በመገኘትም ይቀላል። ለአንተ ሥራ እሱን ነው የምመርጠው።

ክሎኩን አገናኝተህ አሁንም ከተንሸራተተ፣ ልዩነቱን በ5ኛው፣ በ20ኛውና በ40ኛው ደቂቃ ለክተህ ጻፍልኝ። የፒቹን ማሳያና ካርዱ ላይ የተመረጠውን የክሎክ ምንጭም ጨምርበት። ልዩነቱ እኩል እያደገ ከሄደ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ባንድ ቦታ ዘሎ ከተቀመጠ ግን ታይም ኮዱ የተቋረጠበት ወይም ቴፑ የተጎዳበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ያኔ ደቂቃውን ንገረኝ።