«ገፊ» ተብዬ ያደግሁ ሰው ለቅዱስ ቁርባን እቀርባለሁን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። እናቴ እኔን በወለደችበት ሌሊት ሞተች። አባቴ ለሥራ ጅቡቲ ወርዶ እዚያው ትዳር ስለያዘ ገንደ ቆሬ የነበረችው እኅቱ፣ አክስቴ፣ አሳደገችኝ። በዚያ ቤት ስሜ «ገፊ» (በመወለዷ እናቷን የገደለች) ነበር። ገንዘብ ሲጠፋ፣ ልጇ ሲታመም፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ «እግረ ደረቅ፣ እናትሽን የበላሽ» እየተባልሁ ተገርፌአለሁ፤ በርበሬም ታጥኛለሁ። የሰፈራችን አንዲት አዛውንት በኋላ እንደነገሩኝ እናቴ ቤት ውስጥ ወልዳ፣ ደም ሲፈሳት አድሮ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ ነው ያረፈችው። ዛሬ ራሴን ችያለሁ። ግን ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሌሊት እባንናለሁ። ቁልቢ በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ እናቶች የስለት ልጆቻቸውን አዝለው ሳይ «እኔን ማንም አልተሳለኝም» እያልሁ አለቅሳለሁ። ከልጅነቴ ወዲህ አልቆረብሁም፤ የሚገባኝ አይመስለኝም። አሁን አክስቴ ታማ አልጋ ይዛለች። ዘመዶቻችን «አሳድጋሻለች፤ ይቅር በያትና ቤትሽ አስገቢያት» ይሉኛል። እውነት ገፊ የሚባል ነገር አለ? ይቅር ማለትስ የግድ አብሮ መኖር ነው? ሐኪም ዘንድ ሄጄ ይህን ብናገርስ እምነት እንደማጣት ይቆጠርብኛል?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ስለ ገፊ የጠየቅሽውን አስቀድሜ፣ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ የቀረው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

ገፊ የሚባል ሰው የለም። ከ81ዱ መጻሕፍት በአንዱም፣ በሥርዓተ ጥምቀትም፣ በሥርዓተ ቅዳሴም አታገኚውም። ያለው በሰፈር ወሬና በጠንቋይ ደጃፍ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጥምጣም ጠምጥመው ኮከብ እየቆጠሩ «ይህች ልጅ ገፊ ናት» የሚሉም አልጠፉም፤ እነርሱም የሚናገሩት ከቤተ ክርስቲያን አግኝተው አይደለም። እናትሽ ያረፈችው በደም መፍሰስ ነው። በወሊድ ምክንያት ለሚሞቱ እናቶች ቀዳሚው ምክንያት እርሱ ነው፤ በጊዜው ሐኪም ቢደርስላት ምናልባት ዛሬ አብራሽ ቁልቢ ትወጣ ነበር። ያልደረሰላት ሰው አንቺ አይደለሽም። አንቺ በዚያ ሌሊት የሰዓታት ዕድሜ ያለሽ ሕፃን ነበርሽ።

መጽሐፍ ቅዱስ እናቱ ስትወልደው ስለሞተች ልጅ ይናገራል። ራሔል ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ላይ ምጥ ጠናባት፤ ነፍሷም ስትወጣ ልጇን ቤንኦኒ (የጭንቀቴ ልጅ) ብላ ጠራችው፤ አባቱ ግን ብንያም አለው (ዘፍ. 35፥16-20)። ያዕቆብ ራሔልን ምን ያህል እንደሚወድ ታውቂያለሽ። ሰባት ዓመት ተገዝቶላት፣ ተታልሎ፣ ደግሞ ሌላ ሰባት ዓመት የተገዛላት ሚስቱ ናት። «ይህ ልጅ ሚስቴን ገፋብኝ» ለማለት ሰበብ ያለው አባት ቢፈለግ ከእርሱ የሚቀድም አይገኝም። እርሱ ግን በጭንቅ ሰዓት የወጣውን ስም ከሕፃኑ ላይ አነሣለት። በረሃቡ ዘመን ዐሥሩን ወደ ግብፅ ሲልክ ብንያምን ክፉ ያገኘዋል ብሎ ፈርቶ አስቀረው (ዘፍ. 42፥4)። ይሁዳም በግብፅ ስለዚሁ ልጅ ሲማልድ የአባቱ ነፍስ በልጁ ነፍስ የታሰረች መሆኗን ተናገረ (ዘፍ. 44፥30)። እናቱ የሞተችበት ልጅ በእግዚአብሔር ሰዎች ቤት ያደገው እንዲህ ነው። በእናንተ ቤት የሆነው ሌላ ነገር ነው፤ «የአባቶች ወግ» በሚል ስም ግን አይሸፈንም።

አንዳንድ ሰው ሊያጽናናሽ ብሎ፣ ቁልቢ ገብርኤልን ያሠሩት የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪም እናታቸውን ወይዘሮ የሺመቤትን ያጡት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ነው ይልሽ ይሆናል። እውነት ነው፤ በ1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ፣ እናታቸው በ1886 ዓ.ም. ሌላ ልጅ ሲወልዱ አረፉ። እኔ ግን ይህን ማጽናኛ አልወደውም። ንጉሠ ነገሥት ባይሆኑስ ኖሮ? ለገሃር ሻይ የምትሸጥ እናት የሌላት ልጅ፣ ነገ ምንም ሳትሆን ብታረጅ፣ ክብሯ ያንሳልን? አንቺም «ራሴን ችያለሁ» ብለሽ ስትጽፊ ማስረጃ የምታቀርቢ መስለሽ ታየሽኝ። እንዳልከፋሁ፣ እንዳልገፋሁ እዩልኝ የምትዪ ይመስላል። ማስረጃ ያስፈለገሽ ክስ ስላለብሽ ነው፤ ክሱ ደግሞ ሐሰት ነው።

ክብርሽ ከሁለት ቦታ ይነሣል። ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ተፈጠረ (ዘፍ. 1፥26-27)፤ አንቺም በዚያው መልክ ተፈጠርሽ። ከዚያም በተወለድሽ በ80 ቀንሽ ተጠመቅሽ፣ ሜሮን ተቀባሽ፣ ማዕተብ ታሰረልሽ፣ የክርስትና ስም ወጣልሽ። በዚያ ቀን አንዳች የሠራሽው መልካም ሥራ አልነበረም፤ ማልቀስ ብቻ ነው የምትችይው። የእግዚአብሔር ልጅነትን ግን በዚያ ቀን አገኘሽ። አክስትሽ በኋላ የለጠፈችብሽ ስም ከዚያ በፊት የተሰጠሽን ሊሽር ሥልጣን የለውም። የክርስትና ስምሽን ታውቂዋለሽ? የማታውቂው ከሆነ ፈልጊው። የክርስትና እናትሽ በሕይወት ካሉ እርሳቸውን ጠይቂ፤ ስለ እናትሽ የሚያውቁትም ይኖራል።

«ማንም አልተሳለኝም» ስላልሽው አንድ ነገር ልበል። የታኅሣሡ ቁልቢ ደስታውም ብዙ፣ ልብ የሚነካውም ብዙ ነው። የደንገጎን ዳገት በእግሩ ወጥቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣው ሁሉ የራሱ ጉዳይ አለው። በስለት ያገኘችውን ልጅ ክርስትና የምታስነሣው እናት ስትደሰት አንቺ ብታለቅሺ ምቀኝነት አይደለም፤ በዚህ ራስሽን አትክሰሺ። እናትሽ ግን ዘጠኝ ወር ተሸክማሽ ነበር። የተሳለችውን ልትነግርሽ አልደረሰች ይሆናል እንጂ አልተሳለችም ብሎ ማን ነገረሽ? ተሳለችም አልተሳለችም ደግሞ ነቢዩ ኢሳይያስ ሴት የማኅፀኗን ልጅ ብትረሳ እንኳ እግዚአብሔር እንደማይረሳ፣ በእጁ መዳፍ እንደቀረጸን ይናገራል (ኢሳ. 49፥15-16)። መዝሙረኛውም «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» ይላል (መዝ. 26፥10)። ዳዊት ስትደግሚ እዚህ ቁጥር ላይ ስትደርሺ አትቸኩዪ።

አሁን ወደ ቁርባኑ። ከመቁረባችን በፊት በምንጸልየው ጸሎት የመቶ አለቃውን ቃል (ማቴ. 8፥8) ይዘን «ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባኝም» እንላለን። ይህን ጳጳሱም ይለዋል፣ ቄሱም ይለዋል፣ ዲያቆኑም ይለዋል፤ ብሎት ግን ይቀርባል። ያንቺ «አይገባኝም» ደጅ ላይ የሚያስቀር ነው። የመጀመሪያው ወደ ክርስቶስ የሚያይ ትሕትና ነው፤ ሁለተኛው የአክስትሽን ድምፅ ይመስላል። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ሲል ሕዝቡ «እኛ ቅዱሳን ነን» ብሎ አይመልስም፤ «አንዱ አብ ቅዱስ ነው፣ አንዱ ወልድ ቅዱስ ነው፣ አንዱ መንፈስ ቅዱስ ነው» ይላል። ቅድስናው የእርሱ ነው፤ እኛ ተጠርተን እንመጣለን።

ሜምፊቦስቴን ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። የዮናታን ልጅ ነው። አምስት ዓመት ሲሆነው ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ከእጇ ወደቀ፤ ሁለት እግሩም ሽባ ሆነ (2ሳሙ. 4፥4)። ሊጠብቀው ከሚገባ ሰው እጅ ወድቆ የተጎዳ ልጅ ነው። አድጎ ዳዊት ሲያስጠራው ራሱን «የሞተ ውሻ» ብሎ ጠራ። ዳዊት በዚህ አልተከራከረውም፤ ከልጆቹ እንደ አንዱ ከገበታው እንዲበላ አዘዘ እንጂ። ምዕራፉ የሚያበቃው ሁልጊዜ ከንጉሥ ገበታ ይበላ እንደነበርና ሁለት እግሩም ሽባ እንደነበረ በመናገር ነው (2ሳሙ. 9፥13)። እግርህ ይዳንና ትመጣለህ አልተባለም። አንቺም እጅሽ መንቀጥቀጡ እስኪተው አትጠብቂ።

ለንስሐ ስትቀርቢ ግን አንድ ነገር ጠንቅቂ፦ የሠራሽውን ተናዘዢ፤ የተሠራብሽን እንደ ራስሽ ኃጢአት አድርገሽ አትናዘዢ። መገረፍሽ፣ በርበሬ መታጠንሽ፣ መሰደብሽ ያንቺ ኃጢአት አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ልትነግሪያቸው ይገባል፤ የምትነግሪያቸው ግን ሊያጽናኑሽ እንጂ ሊፈቱሽ አይደለም። የጾሙንና የቀረውን ዝግጅት እርሳቸው ይነግሩሻል።

የአክስትሽ ነገር። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ሰዉ፤ ስለዚህ ይቅርታን ከመርሳት ጋር አታምታቺው፣ መርሳት አልታዘዝሽምና። የድሬ ሰው ደግሞ «አቦ እርሽው!» ማለት ይቀናዋል፤ ለደግነት ነው፣ ግን የደቻቱን ወንዝ አይተሽዋል አይደል? ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ደጋው ላይ ነው፤ ጎርፉ ግን ድሬ ይገባል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ያደረሰውን ታስታውሻለሽ። የልጅነት ቁስልም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ አለቃሽ ሲጮህ እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ከሩቅ በዘነበ ዝናብ ነው። «እርሽው» ማለት አሸዋው ላይ ቤት ሥሪ እንደማለት ነው።

ይቅር ማለት በቀልን መተው፣ ክፉዋን አለመመኘት፣ ፍርዱን ለእግዚአብሔር መስጠት ነው፤ ይህን ታዝዘናል፣ ጊዜ ቢወስድብሽም ከመንገዱ አትውጪ። አብሮ መኖር ግን ሌላ ነው። ሳኦል ዳዊትን ሊገድለው ሲያሳድደው ዳዊት ሁለት ጊዜ በእጁ አግኝቶ ተወው። በሁለተኛው ሳኦል በድያለሁ ብሎ «ልጄ ዳዊት ሆይ፣ ተመለስ» አለው። ዳዊት ጦሩን እንኳ ራሱ አልወሰደለትም፤ ከብላቴኖች አንዱ መጥቶ ይውሰድ አለ፣ እርሱም መንገዱን ሄደ (1ሳሙ. 26፥21-25)። ይቅር ብሏል፤ ወደ ሳኦል ቤት ግን አልተመለሰም። ስለዚህ የአክስትሽን መድኃኒት ግዢ፣ አስታማሚ ቀጥረሽ ክፈዪ፣ ሰው አስከትለሽ ጠይቂያት፤ በአንድ ጣራ ሥር እደሪ ብሎ የሚያስገድድሽ ሥርዓት የለም። በልጅነትሽ ስትገረፊ ጣልቃ ያልገቡት ዘመዶች አሁን ገንዘብ ያዋጡ። ይህን በቀጥታ ንገሪያቸው፤ ቅር ቢላቸው ይበላቸው።

«በትሩን የሚከለክል ልጁን ይጠላል» (ምሳ. 13፥24) ብላ ትገርፍሽ ከነበረ፣ ያው መጽሐፍ ቅዱስ «ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው» (ቆላ. 3፥21) ማለቱን ማንም አላነበበላትም። በርበሬ ማጠን ተግሣጽ አይደለም፤ ጭካኔ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በዚህ ብዙ አልናገርም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለመድኃኒት ነበር (ቆላ. 4፥14)። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር እንዲወስዱ መክረዋል፤ የአእምሮ ሕክምናም ከዚህ አይለይም። መባነኑ፣ የእጅ መንቀጥቀጡ በልጅነቱ በተገረፈ ሰው ላይ ሐኪሞች የሚያውቁት ነው፤ በድሬም በሐረርም ሆስፒታል ስለዚህ የሚያነጋግርሽ ባለሙያ ታገኛለሽ። ጸበሉንም አትተዪ። መድኃኒት ካዘዙልሽ ደግሞ «ጸበል ጀምረሻልና አቁሚ» የሚልሽን አትስሚ።

የንስሐ አባት ከሌለሽ በአጥቢያሽ ካሉት ካህናት አንዱን በሥራ ቀን፣ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ቀርበሽ ጠይቂ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ስለሚበዛ ረጅም ነገር ለመናገር አይመችም። ያለሽ ከሆነና ታሪክሽን ስትነግሪያቸው እርሳቸውም «ገፊ» የሚለውን ቃል ካነሡ፣ በትሕትና ተሰናብተሽ ሌላ አባት መያዝ ትችያለሽ፤ ነውር አይደለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።