ከአራተኛ ፎቅ የወደቀው ጦጣ

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕሪ የካርቱን ጦጣ ሲሆን ፒያሳ አካባቢ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሌሎቹ ሁሉ እንደኛው ሰዎች ናቸው። ጦጣው ከአራተኛ ፎቅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። ጓደኛዬ አንብቦ «ምንም ካልሆነ ምን አስጨነቀኝ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደብተር ሙሉ ሕግ ጻፍኩ፤ ታሪኩ ግን ቆመ። ስንት ሕግ ይበቃል ይላሉ?
ጀማሪው ደራሲ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብተሩን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተተው። ጦጣው ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ማንም አይጠይቅህም። ሕግ የሚያስፈልግህ ካርቱኑና ሰው የሚነካኩበት ቦታ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሮበርት ዜሜኪስ የሠራውን «ሁ ፍሬምድ ሮጀር ራቢት» የተባለውን ሰውና ካርቱን አብረው የሚኖሩበትን ፊልም ካላየኸው ፈልገህ እየው። ታሪኩ በ1947 ሆሊውድ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ የካርቱን ተዋናዩ ጥንቸል ሮጀር ቀረጻ ላይ እያለ አናቱ ላይ ፍሪጅ ይወድቃል። እሱ ምንም አይሆንም፤ የተናደደው ዳይሬክተሩ ነው፤ ኮከብ ማየት ሲገባው ወፎች አየ ብሎ። ሰው የሆነው መርማሪ ኤዲ ግን ካርቱን አይወድም። ለምን? አንድ ካርቱን ወንድሙ አናት ላይ ፒያኖ ጥሎ ገድሎታል። ያው ቀልድ ነው፤ ሰው ላይ ሲወድቅ ቀብር ይሆናል። ለጓደኛህ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሮጀርም ቢሆን የሚሞትበት ነገር አለው፦ ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ። ቀለም ቀቢዎቻችን አኳራጅ የሚሉት ዓይነት ነገር አለበት። በቀለም የተሠራ አካል በምን ሊጠፋ ይችላል ብለህ ብታስብ ሌላ አይመጣልህም። አንተም ጦጣህ ከምን እንደተሠራ ወስን። እርሳስ ነው? ላጲስ ይፍራ። የውሃ ቀለም ከሆነ ደግሞ ክረምት መጣለት!

በጣም የምወደው ግን የካቴናው ነገር ነው። ኤዲና ሮጀር በአንድ ካቴና ታስረዋል። ኤዲ በመጋዝ ሲለፋ ሮጀር እጁን ሹልክ አድርጎ አውጥቶ ሊያግዘው ይመጣል። ኤዲ «ታዲያ እስካሁን ማውጣት ትችል ነበር?» ቢለው፣ ሮጀር «አይ፣ የሚያስቅ ሲሆን ብቻ ነው» ይላል። አቅሙ ጉልበቱ ላይ ሳይሆን ጠባዩ ላይ ነው የታሰረው። የኔ ምክር ይህ ነው፦ ጦጣህ የሚተርፈው የሚያየው ሰው ካለ ብቻ ይሁን። ጎዳና ሙሉ ሰው እያየው ከአራተኛ ፎቅ ቢወድቅ ይነሳል። ሌሊት ብቻውን ደረጃ ላይ ቢያዳልጠው እግሩ ይሰበራል። አሁን ጠላቱ ምን ማድረግ እንዳለበት አወቀ፤ አንተም ቀጣዩን ምዕራፍ አገኘህ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ፊልም ኤዲ በጭንቅላቱ የተንጠለጠለ መብራት ይመታል። መብራቱ ሲወዛወዝ የሮጀር ጥላም አብሮ ይለዋወጣል። ሠዓሊዎቹ ያንን ሁሉ በእጅ ነው የሳሉት። ጽሑፍም ላይ ካርቱኑና በዙሪያው ያለው ዕቃ እንዲህ ሊነካኩ ይገባል። ጦጣው ሲቀመጥ ሶፋው ይጎድጉድ። ቡና ቢደፋ ምንጣፉ ይበላሽ፣ አከራይቱም ትቆጣ።

ሰዎቹ ደግሞ ባዩት ቁጥር አይደነቁ። አብረውት ስንት ዓመት ኖረዋል። ታክሲ ላይ ሲወጣ አፉን ከፍቶ የሚያየው ረዳት አያስፈልግህም። ጅራቱ ሌላ ወንበር ይዟል ብሎ የሁለት ሰው ሂሳብ የሚጠይቀው ይሻልሃል።