ወንበሩ ሞልቶ ካዝናው ለምን ይጎድላል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከእህቴ ጋር አነስተኛ ምግብ ቤት እንሠራለን። ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር አይገኝም፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ለቤት ኪራይ እንኳ እንበደራለን። ገንዘቡ የት ነው የሚገባው?

መልስ፦ ገበያው ካለ ቀዳዳውን ወጥ ቤት ውስጥ ፈልጉት። ሰኞ ጠዋት ያለውን ዕቃ መዝናችሁ በዋጋው ጻፉ፤ የሳምንቱን ግዢ ደምሩበት፤ በቀጣዩ ሰኞ የተረፈውን ቀንሱለት። ውጤቱ የሳምንቱ የምግብ ወጪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንቱ ሽያጭ ከ28 እስከ 35 በመቶ መሆን አለበት። 40 ካለፈ የሚፈስ ነገር አለ።

ብዙ ጊዜ የሚፈሰው ከጭልፋው ነው። 150 ግራም ብላችሁ ዋጋ ያወጣችሁለት ምግብ በዓይን ግምት 180 ግራም ሆኖ ከወጣ፣ አምስት ሳህን በሸጣችሁ ቁጥር አንድ ሳህን በነፃ ሄደ ማለት ነው። ሚዛን ግዙ፤ ለእያንዳንዱ ምግብ የተለካ ጭልፋ መድቡለት፤ ሰው ሲበዛና ጥድፊያ ሲሆን ደግሞ ጭልፋው እንዳይቀየር ተጠንቀቁ። ሥጋንም በገዛችሁበት ኪሎ አታስሉት። 10 ኪሎው ተጠርቦና በስሎ 7 ኪሎ ከሆነ፣ የከፈላችሁትን ለ7 እንጂ ለ10 አታካፍሉ።

የቤተሰብ ጉልበትም ነፃ አይደለም! ባትወስዱት እንኳ ለሦስታችሁም ደመወዝ መዝግቡ፤ ቤተሰቡ የሚበላውንም እንዲሁ። የምግብና የሰው ወጪ ተደምሮ ከሽያጩ 65 በመቶ ከበለጠ ለኪራይና ለመብራት የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ኪራዩን ደግሞ ለወሩ የሥራ ቀናት አካፍላችሁ ማታ ማታ ሂሳብ ስትዘጉ ለብቻው አስቀምጡት።