ባዝራዋ ስንት ዓመቷ ነው?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ ደሴ ቤቴ ድረስ መጣ። ቡናው ሳይፈላ ግራፉን ከፈተ። ከኮምቦልቻ ባዝራዎች ማህፀን የወሰደው ናሙና ነው። «ዶክተር፣ ጠባሳ የሚሠራው የኮላጅን ፕሮቲን ጂኖች ጨምረዋል! የመካንነቱን ምክንያት አገኘሁት» አለኝ።

«አብሽር፣ መጀመሪያ ቁጭ በል» አልኩት። «ከእነሱ አንዷ፣ ይቺ ባዝራ ስንት ዓመቷ ነው? ስንቴ ወልዳለች? ናሙናውን ስትወስድ ድራት ላይ ነበረች፣ ወንድ ትፈልግ ነበር?»

ዝም አለ። ይህን የምጽፍላችሁ ለዚያ ዝምታ ነው።

ልጁ የሚያጠናው በሽታ ኢንዶሜትሮሲስ ይባላል፤ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ጠባሳ ነው። የሚወሰደው ሥጋ ከጣት ጫፍ ብዙም አይበልጥም። በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ጠጥቶ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ግን ጉዱ ይታያል። በጤነኛ ማህፀን እጢዎቹ ተበታትነው ነው የሚቀመጡት። በታመመው ላይ አንድ ቦታ ተጠጋግተው፣ ጠባሳው እንደ ሽንኩርት ቅጠል እየተደራረበ ጠቅልሏቸው ታገኛላችሁ።

የፈረስ ጽንስ እስከ 40ኛው ቀን ገደማ ከማህፀን ጋር አይያያዝም። እስከዚያ የሚኖረው እጢዎቹ በሚያመነጩት ፈሳሽ ነው። እጢው ከታነቀ ጽንሱ ይራባል። ባለቤቱ «አልያዘችም» ይላል እንጂ፣ ይዛ ጥላው ሊሆን ይችላል።

ኬኒ የሚባሉ ሐኪም በ1978 እ.ኤ.አ. ጉዳቱን በደረጃ ከፋፈሉት፤ በ1986 ከዶይግ ጋር አሻሽለው አራት አደረጉት። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለች ባዝራ በደህና ከተያዘች የመውለድ ዕድሏ ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ከ10 በመቶ በታች ይወርዳል። ጠባሳውን የሚያጠፋ አስተማማኝ መድኃኒት ዛሬም የለም። ሁሉም ወደ ጂን የሚሮጠው ለዚህ ነው፤ አልፈርድበትም።

ጂኑ ራሱ አልተለወጠም፤ የሚነበብበት መጠን ነው የሚለወጠው። ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው መልእክት ሲበረታ ፋይብሮብላስት የሚባሉት የጠባሳ ሠሪ ሴሎች ጠባያቸውን ይቀይራሉ፣ ኮላጅን ያመርታሉ። ኮላጅንን የሚቆርጡት ኤምኤምፒ የሚባሉ ኢንዛይሞችና እነሱን የሚገቱት ሚዛናቸው ይዛባል። እስከዚህ ልጁም አሳምሮ ያውቃል።

የሳተው ሌላ ነው። ከሰኞ ገበያ የሚሰማው ጫጫታ ዛሬ ቢጨምር፣ ሰው ጮኾ ነው ወይስ ሰው በዝቶ? ሥጋውን በሙሉ ፈጭታችሁ ኤምአርኤንኤ፣ ማለትም ጂኑ ሲነበብ የሚወጣውን ቅጂ፣ ስትለኩም እንዲሁ ነው። ጠባሳ ያለበት ናሙና ፋይብሮብላስት ይበዛበታል። ኮላጅኑ የጨመረው እያንዳንዱ ሴል ተግቶ ይሁን ሴሎቹ በዝተው፣ ግራፉ አይነግራችሁም። ስለዚህ ከዚያው ናሙና ግማሹን ለማይክሮስኮፕ አስቀሩ። ድራቱም አለ። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች ሲፈራረቁ ብዙ ጂኖች አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ። አንዷን በድራቷ፣ ሌላዋን ድራቷ ካለፈ በኋላ ለክታችሁ «በሽታው ነው» ብትሉ ማን ያምናችኋል? ዕድሜም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ጠባሳው ከዕድሜ ጋር ይብሳልና።

እኔም ጻድቅ አይደለሁም። በወጣትነቴ የናሙና ብልቃጦቼን በተራ እስክርቢቶ ጻፍኩባቸው። አልኮል ፈሰሰባቸውና ቀለሙ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። የወራት ልፋቴ ስም የለሽ ሥጋ ሆኖ ቀረ። አለቃዬ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጁ በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረደ። እኔም የምሠራው የለኝምና አብሬው ሄድኩ። የድራቷ ነገር አንዴ አምልጧል፣ አይመለስም። የቀረውን ግን የባዝራዋ ባለቤት፣ ባለጋሪው፣ ያውቀዋል። የባዝራዋን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሷን አሳየን። «አሥራ አራት ሳይሞላት አይቀርም» አለ። «አንዴ ወልዳለች። እንግዴ ልጁ ቶሎ አልወጣ ብሎ አሰቃይቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንድ ብናገናኛትም እንቢ አለ።»

ልጁ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሁሉንም ጻፈ። በእርሳስ።