በኢንተርኔት ሥዕል ማስተማር ሙያን ማባከን ነው ወይ? ለአንዲት ተመራቂ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

በሥነ ጥበብ ተመርቀሽ፣ በደቡብ ወሎ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የክወናና የእይታ ጥበባት መምህርት ሆነሽ ለመቀጠር ዕድል ማግኘትሽን ጽፈሽልናል። አባትሽ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ብለው በወንድምሽ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ እንድትሠሪ ይፈልጋሉ። አንቺን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቅሽ ግን ሌላ ነው፤ የሥዕል መጽሐፍና ቀለም በሌለበት፣ ከ60 በላይ ተማሪዎች በሚቀመጡበት ክፍል፣ «ከኢንተርኔት አውርጄ ባሳይ ማስተማር ይባላል ወይስ ሙያዬን ማባከን ነው?» ብለሻል። እኔ በገጠር ሳስተምር ለተማሪዎቼ የማሳየው ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ የተቆረጠ ሥዕል ስለነበር ይህ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል፤ አብዛኛውን ምላሼንም ለእርሱ እሰጣለሁ።

ማስተማር ነው፤ እንዴት እንደምትጠቀሚበት ግን ይወስነዋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የማየው መምህሩ ቀላል የአበባ ወይም የጎጆ ሥዕል አውርዶ ሰሌዳው ላይ ሲገለብጥ፣ ልጆቹም ከሰሌዳው ወደ ደብተራቸው ሲገለብጡ፣ ውጤትም በመመሳሰሉ ልክ ሲሰጥ ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ የገዛ እጁን ወይም ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ተራራ አንድ ጊዜ እንኳ ትኩር ብሎ ሳያይ ዓመቱን ይጨርሳል። ይህን ለማድረግ ኢንተርኔትም የሥነ ጥበብ ምሩቅም አያስፈልግም።

የኢንተርኔት ጥቅሙ ልጆቹ በሌላ መንገድ ሊደርሱበት የማይችሉትን ሥራ በቅርብ ማሳየቱ ነው። በኒው ዮርክ የሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባለቤትነት መብት የማይገድባቸውን ሥራዎች ፎቶግራፎች ማንም ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምባቸው ለቋል። ከእነዚህም መካከል በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ15ኛው መጀመሪያ በአገራችን በብራና የተጻፈ ወንጌል ይገኛል። በዚያ ወንጌል የስቅለቱ ሥዕል ላይ በዕንቁ ያጌጠ መስቀል እንጂ የተሰቀለው ክርስቶስ አይታይም። ይህን ገጽ አጉልተሽ አሳይና ወዲያው ማብራራት አትጀምሪ። ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ይዩ፤ ከዚያ «ማን ጎደለ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ቀጥለሽም «ሠዓሊው ሳይሥለው እንዴት እንድናስበው አደረገ?» በያቸው። የቤት ሥራው እናታቸውን ሳይሥሉ እናታቸውን የሚያስታውስ አንድ ዕቃ መሣል ይሁን። አንዱ ጀበና፣ ሌላዋ የተቀደደ ነጠላ ጫማ ይዛ ትመጣለች፤ እነዚህን ደግሞ ከኢንተርኔት መገልበጥ አይቻልም።

ወሎ ውስጥ ስለምታስተምሪ ክፍልሽ የሙስሊምም የክርስቲያንም ልጆች ክፍል ነውና የምታሳዪው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብቻ አይሁን። የሐረር ስፌቶችን ቀለምና ቅርጽ፣ የሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታን ረቂቅ (አብስትራክት) ሥራዎች፣ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በ1964 እ.ኤ.አ. የሠራውንና በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለውን «የጁጁ ሠርግ» የተባለ ሥዕል አሳዪያቸው። የመቅደላንም ነገር አትርሺ። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከዚያው ከወሎ ምድር የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ከእነርሱም በዲጂታል ተነሥተው በኢንተርኔት የወጡ አሉ። የወሎ ልጅ ከአገሩ የሄደውን በስልክ ማየቱ መጽሐፉን አይመልስለትም፤ የማን እንደነበረ ግን አውቆ ያድጋል።

ያገኘሽውን ሁሉ ዛሬውኑ አውርደሽ በፍላሽ አስቀምጪ። ይህን የምልሽ ስለ መብራቱና ስለ ኔትወርኩ ብቻ አይደለም፤ ብሪቲሽ ላይብረሪ በ2023 እ.ኤ.አ. የሳይበር ጥቃት ሲደርስበት በዲጂታል የተነሡት መጻሕፍቱ ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ጠፍተው ነበር። መብራት በሚጠፋበት ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት በቀለም የታተሙ ጥቂት ትላልቅ ወረቀቶች ለየቡድኑ ብታድይ ይበቃሉ። ኢንተርኔት የሚጠይቅ የቤት ሥራ ግን ፈጽሞ አትስጪ፤ አባቱ ስልክ ያለውን ልጅ ጎበዝ፣ የሌለውን ሰነፍ ታደርጊዋለሽ።

አሁን ወደ አባትሽ ሐሳብ ልምጣ። የመምህር ደመወዝ የቤት ኪራይ ተከፍሎበት ወሩን እንደማያደርስ አባትሽ የተናገሩት እውነት ነው፤ ይህን ልሸሽግሽ አልፈልግም። ነገር ግን በደብዳቤሽ ውስጥ ወንድምሽ በወር ስንት እንደሚከፍልሽ አንድም ቃል የለም። ያለ ቁርጥ ደመወዝ የምትሠሪበት ሱቅ የወንድምሽ እንጀራ እንጂ ያንቺ አይደለም፤ ለቤተሰብ ተብሎ የሚሠራ ሥራም በአብዛኛው የሚጫነው በሴት ልጅ ላይ ነው። ደመወዙን በቁጥር እንዲነግርሽ በአክብሮት ጠይቂው። ከዚያ በኋላ ጡረታና የዓመት ዕረፍት ካለው የመንግሥት ሥራ ጋር አስተያዪው። ወንድምሽ እገዛሽን የሚፈልግ ከሆነ ቅዳሜና እሑድ የሱቁን ማስታወቂያና የዋጋ ዝርዝር በክፍያ ልትሠሪለት ትችያለሽ። ለታናናሾችሽ ትምህርት የምትሰጪውንም ገንዘብ መጠን ከመጀመሪያው ወር ወስኚ፤ ካልተወሰነ ከዓመት ዓመት ይጨምራል።

በደብዳቤሽ ስለ ሁለተኛ ዲግሪና ስለ ግራፊክስ አጭር ሥልጠናም ጠይቀሻል። ሁለተኛ ዲግሪው ሁለት ዓመት ካስተማርሽ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ሥልጠናው ጠቃሚ ነው፤ ከማስተማሩ ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ርእሰ መምህሩን አነጋግሪያቸው። ፕሮጀክተሩ ያለበትን የኮምፒውተር ክፍል በሳምንት አንድ ቀን እንዲፈቅዱልሽና የሥዕል ክፍለ ጊዜዎችሽን በፕሮግራሙ ላይ ሁለቱን አያይዘው እንዲመድቡልሽ ጠይቂ፤ 40 ደቂቃ ለማየትም ለመሣልም አይበቃም። ይህን ሁለቱን ከፈቀዱልሽ ያለ ፍርሃት ፈርሚ።