ፎርሙ «ተመዝግቧል» ይላል፤ መዝገቡ ግን ባዶ ነው

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አክስቴ ሸቀጥ ሱቅ አላት። ደንበኞቿ አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ስለሆኑ በዱቤ ወስደው ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላሉ። የዱቤ ደብተሯ ተቀዳዶ ስላስቸገራት በፒኤችፒ (በሰርቨር ላይ በሚሠራ የድረ ገጽ ኮድ ቋንቋ) መመዝገቢያ እየሠራሁላት ነው። ስም፣ ዕቃና ብር ሞልቼ «መዝግብ» የሚለውን ስጫን «ተመዝግቧል» ይለኛል። ዳታቤዙን ስከፍት ግን አዲስ መስመር ተጨምሮ ስሙም ዕቃውም ባዶ፣ ብሩም ዜሮ ሆኖ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር፤ አንድ ልጅ የ@ ምልክት ጨምሪበት ብሎኝ ከጨመርኩ ወዲህ ጠፍቷል። ኮዱን አያይዣለሁ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሥራሽ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ኮድሽን አየሁት። ሦስቱም የመሙያ ሳጥኖች ኤችቲኤምኤሉ (የገጹ ኮድ) ላይ «አይዲ» የሚባለው መለያ አላቸው፤ «ኔም» የሚባለው ስም ግን አንዳቸውም የላቸውም። ብራውዘር ፎርም ሲልክ የሚያየው ኔምን ብቻ ነው። አይዲ ለሲኤስኤስና ለጃቫስክሪፕት ነው የሚያገለግለው። ኔም የሌለው ሳጥን የቱንም ያህል ቢሞላ ከገጹ አይወጣም። ሰርቨሩ ምንም አልደረሰውም፤ ያንቺ ኮድ ደግሞ ደረሰ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ሰንጠረዡ ጻፈ። «ተመዝግቧል» የሚለው ቃልም መስመሩ መጨመሩን እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም።

ያን @ አሁኑኑ አውጪው። ያጠፋብሽ ማስጠንቀቂያ «አንዲፋይንድ አሬይ ኪይ» የሚል ነበር፤ ማለትም «ስም የሚባል ነገር አልተላከልኝም» እያለሽ ነበር። ችግሩን በትክክል የሚጠቁመው እሱ ብቻ ነበር። ጀማሪን @ ጨምር ብሎ መምከር በጣም ያሳዝነኛል፤ ስህተቱ እንዳለ ይቀመጥና የሚታይበት መንገድ ይዘጋል።

ከዚህ በኋላ ፎርም ሲያስቸግርሽ ኮዱን ደጋግመሽ ከማንበብሽ በፊት የተላከውን እዪ። ብራውዘሩ ላይ ኤፍ12ን ተጫኚ፣ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፈቺ፣ ፎርሙን ላኪና የመጀመሪያውን መስመር ንኪው። «ፔይሎድ» በሚለው ሥር ከገጹ የወጣው ሁሉ ተዘርዝሮ ይታያል። እዚያ ስምና ብር ከሌሉ ጥፋቱ ኤችቲኤምኤሉ ላይ ነው፤ ፒኤችፒውን አትንኪው። እዚያ ካሉ ደግሞ ፒኤችፒ ፋይልሽ መጀመሪያ ላይ የፖስትን (ፎርሙ የላከውን) ይዘት በ«ፕሪንት_አር» አውጪና መድረሱን አረጋግጪ። ከደረሰ የቀረው ዳታቤዙ ነው። በዚህ መንገድ የት ላይ እንደጠፋ በአንድ ጊዜ ታውቂያለሽ። ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስና «ዲሴብልድ» የተደረገ ሳጥን ኔም ቢኖራቸውም እንደማይላኩ ያዢ፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይደናገራል።

ሳትጠይቂኝ የምነግርሽ ሌላ ነገር አለ፤ ለአክስትሽ ከሁሉም የሚያሰጋት እሱ ነው። ገጽሽ መዝግቦ እዚያው ላይ ይቆማል። አክስትሽ ያኔ ገጹን ሪፍሬሽ ካደረገች ብራውዘሩ ያንኑ ፎርም ድጋሚ ይልከዋል። ብራውዘሩ ልላክ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የቸኮለ ሰው ግን እሺ ብሎ ያልፈዋል። 300 ብር ዘይት የወሰደ ሠራተኛ 600 ብር ዕዳ ይጻፍበታል። ደመወዝ የወጣ ቀን በሱ የተነሳ ሁለት ሰው ይቀያየማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመዘገብሽ በኋላ በ«ሄደር» «ሎኬሽን» ብለሽ ወደ ዝርዝሩ ገጽ አዛውሪው፣ ቀጥለሽ «ኤግዚት» ጻፊ። ከዚያ በኋላ ሪፍሬሽ ቢደረግ የሚታደሰው ዝርዝሩ ብቻ ነው። «ሄደርስ ኦልሬዲ ሴንት» የሚል ስህተት ከመጣብሽ ከሄደሩ በፊት አንድ ነገር ወደ ገጹ ወጥቷል ማለት ነው። የፒኤችፒ መክፈቻ ምልክቱ ከፋይሉ የመጀመሪያ መስመር የመጀመሪያ ቦታ ላይ መጀመሩን እዪ፤ ከፊቱ አንድ ባዶ መስመር እንኳ ይበቃል። በኖትፓድ የምትጽፊ ከሆነ ስትሴቪ «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጪ እንጂ «ቦም» (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚገባ የማይታይ ምልክት) የተጨመረበትን አትምረጪ።

ስሙን በቀጥታ በኤስኪውኤሉ ዓረፍተ ነገር መሃል መክተትሽንም ተይው፤ ትእዛዙንና የተሞላውን ለይቶ የሚልከውን «ፕሪፔር» ተጠቀሚ። የሰው ዕዳ የተጻፈበት ሰንጠረዥ ነውና ማንም ሳጥኑ ውስጥ ትእዛዝ ጽፎ እንዲያጠፋው በር አትክፈቺለት።

ጥያቄ፦ ወልድያ መምህር ነኝ፤ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ነው የቀረኝ። የተማሪዎች ስም ዝርዝር የሚይዝ ገጽ ተማሪዎቼ ሠርተውልኝ ነበር። ስሞቹን በአማርኛ ስንመዘግብ ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነው ተመለሱ። አንዳንዱን ስም ደግሞ «በጣም ረዝሟል» ብሎ አልቀበልም ይላል። ፍለጋውም አንዳንዱን ተማሪ አያገኝም።

መልስ፦ መምህር፣ ለጥያቄዎ አመሰግናለሁ። ሦስቱም ችግሮች ከፊደላችን ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሦስቱም መፍትሔ አላቸው።

ጥያቄ ምልክቱ የሚመጣው ዳታቤዙ ወይም ከሱ ጋር የሚያገናኘው መስመር የግዕዝን ፊደል በማያውቅ አመዳደብ ሲሠራ ነው። ሰንጠረዡም ግንኙነቱም «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» መሆን አለባቸው። ልጆቹ ሰንጠረዡን ብቻ ቀይረው ግንኙነቱን ይረሱታል፤ ከዳታቤዙ ጋር ከተገናኙ በኋላ «ሴት_ቻርሴት» የሚለውን መስመር እንዲጨምሩ ይንገሯቸው። አንድ የሚከብድ ነገር ልንገርዎ፦ ዳታቤዙ ውስጥ ራሱ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም አይመለስም። እነዚያን ከወረቀቱ መዝገብ እንደገና መጻፍ ግድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ ስም ሞክረው፣ በትክክል መመለሱን አይተው ብቻ ሌላውን ይቀጥሉ።

«ረዝሟል» የሚለው ደግሞ ርዝመቱ በ«ስትርሌን» ስለሚለካ ነው። ስትርሌን የሚቆጥረው ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሙሐመድ አራት ፊደል ሆኖ 12 ይቆጠራል፤ ወልደጊዮርጊስ ስምንት ፊደል ሆኖ 24 ይሆናል። ገደቡ 20 ከሆነ ሙሐመድ ያልፋል፣ ወልደጊዮርጊስ ይቀራል። «ኤምቢ_ስትርሌን» ቢደረግ ፊደሉን ራሱን ይቆጥራል።

ፍለጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በወሎ ትምህርት ቤት ይሄ በየክፍሉ ያጋጥማል። አንዱ ወላጅ ልጁን «አሕመድ» ብሎ ያስመዘግባል፣ ሌላው «አህመድ» ይላል። «ፀጋዬ» እና «ጸጋዬ»፣ «ሠይድ» እና «ሰይድ» እንዲሁ። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ልጆቹ «መፈለጊያ» የሚባል ተጨማሪ ዓምድ ይክፈቱ። እዚያ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሰባቱ ቅርጻቸው ቀይረው ያስቀምጡ። የሚፈለገውም ቃል በዚያው መንገድ ተቀይሮ ከዚያ ዓምድ ጋር ይመሳከር። ዋናውን ስም ግን አይንኩት፤ የተማሪው ሰርተፊኬት ላይ የሚወጣው ቤተሰቡ የጻፈው መሆን አለበት። «ሙሐመድ» እና «መሐመድ» በዚህ አይገናኙም፤ ለእነሱ በአባት ስም ጭምር መፈለግ የሚቻልበት ሳጥን ይጨመር።

ጥያቄ፦ ከባቲ። ፒኤችፒ ፋይሌን ደብል ክሊክ ሳደርገው በገጹ ፈንታ ኮዱ ይታየኛል። ለምን?

መልስ፦ ፒኤችፒን የሚያስኬደው ሰርቨር ነው፤ ብራውዘር ብቻውን አያውቀውም። ፋይሉን ዛምፕ (ኮምፒውተርህን ሰርቨር የሚያደርገው ፕሮግራም) ውስጥ ባለው «ኤችቲዶክስ» ፎልደር አስቀምጥ፣ አፓቼን አስነሳ፣ ከዚያ አድራሻው ላይ «ሎካልሆስት» ብለህ በፋይሉ ስም ክፈት። አድራሻው በ«ፋይል» የሚጀምር ከሆነ ሰርቨሩ ጋ አልደረስክም።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው ያለሁት። የላፕቶፔ ባትሪ ስለሞተ መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ትናንት እንደዚያ ሆኖ ዛሬ ዛምፕ ላይ ማይኤስኪውኤል (ዳታቤዙን የሚያስኬደው) አልነሳ አለኝ። አንድ ጓደኛዬ «አይቢዳታ1» የሚለውን ፋይል አጥፋው ይነሳል አለኝ። ላጥፋው?

መልስ፦ እንዳታጠፋው ወንድሜ! ሰርቨሩ ሊነሳ ይችላል፤ ሰንጠረዦችህ ግን አይከፈቱም። ምንም ከመንካትህ በፊት «ማይኤስኪውኤል» ፎልደር ውስጥ ያለውን «ዳታ» ፎልደር ሙሉውን ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ቀጥለህ ፖርት 3306ን (ማይኤስኪውኤል የሚገናኝበትን በር) ሌላ ፕሮግራም ይዞት እንደሆነ እይ፤ አልነሳም ማለቱ በዚያም ምክንያት ይመጣልና። ካልሆነ «ዳታ»ን «ዳታ_አሮጌ» በለው፣ አጠገቡ ያለውን «ባክአፕ» ፎልደር ቅጂ አድርገህ «ዳታ» ብለህ ሰይመው። ከአሮጌው ውስጥ አንተ የፈጠርካቸውን የዳታቤዝ ፎልደሮችና ያንኑ አይቢዳታ1 ወደ አዲሱ አምጣ፤ የሲስተሙን ፎልደሮች ተዋቸው። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይነሳል። እንደተነሳ ወዲያው ፒኤችፒማይአድሚን ላይ «ኤክስፖርት» አድርግና ቅጂውን ከላፕቶፑ ውጭ አኑር። አሁንም እምቢ ካለ በአሮጌው ዳታ ውስጥ «ኤረር» የሚል ስም ያለው ሎግ ፋይል አለ፤ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ገልብጠህ ላክልኝ።