ሚያዝያ 27ን ወደ ሙዚየም ለምትመጡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር አራት ኪሎ፣ የድል ሐውልቱ ዙሪያ ትሰበሰባላችሁ። አባት አርበኞች ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ አንግበው ሲፎክሩ በስልክ ትቀርጻላችሁ። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን በሙዚየም ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ከፎቶው ቀጥሎ ስላለው ነገር ጥቂት ልበላችሁ።

መጀመሪያ ቀኑን እወቁት። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የተመለሱትም በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያችው ቀን ነው። ከተማዋ ግን ከጠላት እጅ የወጣችው ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ነበር። በደርግ ጊዜ በዓሉ በመጋቢት 28 ይከበር የነበረው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ውጡ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። በበቀል የተጨፈጨፈውን የከተማ ሕዝብ አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት ያሳያችኋል። ሳትቸኩሉ ዙሩት። ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ደግሞ ፋሺስቶች የሠሩት፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። እያንዳንዱ መርገጫ ሙሶሊኒ በሥልጣን የቆየበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከድል በኋላ አልፈረሰም። አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ለዚህ በዓል ከዚህ የተሻለ ቅርስ አላውቅም፤ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ያልፋል።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልምጣ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጋሻና ጎራዴ ሲመጣ አይቻለሁ። «የማን ነበር?» ስንል «የአያቴ ይመስለኛል» ይሉናል። የት ዘመቱ? ከማን ጋር? ዝም። ያን ዕቃ ለጎብኚ ምን ብለን እናስረዳ? የውስጥ አርበኞች ታሪክ ደግሞ ከዚህም የባሰ ጠፍቷል። ከተማ ተቀምጠው ለአርበኛው ጥይትና መድኃኒት ይልኩ ከነበሩት ሸዋረገድ ገድሌን ብዙ ሰው ያውቃል። ተይዘው ጣሊያን አገር፣ አዚናራ ደሴት ታስረዋል። የስንቱ እናት ስም ግን ከቤተሰቡ ወሬ አላለፈም! ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ሽማግሌ ያለው ሰው ዘንድሮውኑ ይጠይቅ። በድሉ ዓመት አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ዘጠናን አልፏል። «ጀግንነት ምንድን ነው?» አትበሏቸው። ጣሊያን ሲገባ የት ሰፈር ነበራችሁ፣ ምን ትበሉ ነበር፣ ማን ተያዘ፣ ማን ደበቃችሁ በሉ። ድምፃቸውን ቅዱ፤ ቀኑንና ስማቸውን አብራችሁ ተናገሩ። አሮጌ ፎቶ ካላችሁ ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ስም ጻፉበት፤ በእስክሪፕቶ አይሁን፣ ቀለሙ ያልፋል። ላሚኔት አታስደርጉት። ሜዳሊያ አትወልውሉ። ደም የነካው ሸማ ካለ አትጠቡት። ለሙዚየም ስትሰጡም የተፈረመ መረከቢያ ሳትይዙ አትውጡ፤ ታሪኩም ከዕቃው ጋር መዝገብ ላይ መግባቱን ቆማችሁ አረጋግጡ።